«አንቺ» የተባሉት እናት

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ የምርጫ ጣቢያ፣ ሳይነጋ የተጀመረው ሰልፍ ረፋዱ ላይ ቅያሱን ታጥፎ ሌላ ሰፈር ደርሷል። ከፊቴ የቆሙት የሰፈራችን ነባር እናት ነበሩ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ የመራጭነት ካርዳቸውን በመሐረብ ቋጥረው መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠዋል። ፀሐዩ ሲበረታ ጃንጥላቸውን ይዘረጉታል፣ ክንዳቸው ሲዝል ያጥፉታል። ልያዝልዎ ብላቸው እምቢ አሉ።

ማንን እንደሚመርጡ አልጠየቅኋቸውም፤ ራሳቸው ነገሩኝ። ሁለቱን ጣት። ሁለት ጣት የቅንጅት ምልክት ነበር፣ ንብ የኢሕአዴግ። ስለ ቅንጅት ሰዎች የተጋነነ ግምት አልነበራቸውም። አራት ፓርቲዎች በጥድፊያ የተጣመሩበት መሆኑን፣ መሪዎቹም እርስ በርስ እንደሚጎሻመጡ ሰምተዋል። አገር መምራት ይችሉ እንደሆነም ይጠራጠሩ ነበር። ታዲያ ለምን አልኳቸው። የመለሱልኝ ስለ ጣሪያ ነው።

የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው። ጣሪያው አፈሰሰ፤ ለማሳደስ ፈቃድ ፈልገው አንድ ቢሮ ሄዱ። የልጅ ልጃቸው የሚሆን ካድሬ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «አንቺ፣ ነገ ተመለሺ» አላቸው። ጣሪያው ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት አፍስሷል። ስለ ማፍሰሱ ሲያወሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። «አንቺ» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርሱ ግን ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ።

ልሂቃኑ ዘወትር የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። ሕዝብ ጉድለቱ በአደባባይ የታወቀን ሰው፣ ቁጡውን፣ የማይጨበጥ ተስፋ የሚሰጠውን፣ ለምን ይከተላል? የተማረውና ልምድ ያለው እያለ? መልሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ሕዝቡ ተታሎ ነው፣ አላወቀም ነው የሚል ነው። እኔ ይህን መልስ አልቀበልም። የእኛ ሰው «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እያለ ያደገ ጥንቁቅ ሰው ነው። ይህን ተረት ጥሎ ወደማያውቀው የሚሄደው አንድ ከባድ ነገር ሲገፋው ነው። ያ ነገር ንቀት ይመስለኛል። በደልን ይችላል፣ ድህነትንም ይለምዳል፤ መናቅን ግን እስከ ልጅ ልጁ ይቆጥረዋል።

ለዚህ ከቋራው ካሣ የተሻለ ምስክር የለንም። ካሣ ኃይሉ አባቱን ቀድሞ ያጣ፣ እናቱ ችግር ላይ ወድቃ ኮሶ ትሸጥ ነበር እየተባለ የሚነገርለት ሰው ነው። ኮሶ በዚያ ዘመን ድሃውም መኳንንቱም የሚጠጣው የሆድ ትል መድኃኒት ነበር። መድኃኒቱን ሁሉ ይፈልጋል፣ ሻጪዋ ግን ትናቃለች። ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባለው የጎንደር ቤተ መንግሥት ሹም ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ፤ ተሸንፎ ተማረከ። ካሣም ኮሶ አስጠጣው። ይህን ታሪክ ሕዝባችን ከ170 ዓመት በላይ ሳይሰለች ሲያወራው የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። በየቤቱ ኮሶ የሚሸጥ ዘመድ፣ ሸማ የሚሠራ አባት፣ እንጨት የምትለቅም እናት ያለው ሰው ሁሉ በዚያ ቀን አብሮ አሸነፈ።

ካሣ ሽፍታ ነበር። ሽፍትነቱን ግን ሕዝቡ በሌላ ዓይን አየው። ከዘረፈው ገንዘብ ለቋራ ገበሬ የእርሻ መሣሪያ መግዣ ማከፋፈሉን ዜና መዋዕሉ ይተርካል። መሳፍንቱ ደግሞ ገበሬው ያመረተውን ሠራዊታቸውን እያሰማሩ ይበሉበት ነበር። በ1845 አይሻል ላይ ራስ አሊን፣ በ1847 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ፣ የዘር ሐረግ ቆጥረው ሲፈራረቁ የኖሩት ሁሉ በአንድ የቆላ ልጅ ተጠረጉ። ንጉሡ ቁጡና ጨካኝ መሆናቸው በኋላ የተገለጠ ምሥጢር አልነበረም፤ አብረዋቸው የዘመቱት ሁሉ ያውቁታል። ወደ መጨረሻው ጎንደርን ሲያቃጥሉ፣ እስረኛ ከገደል ሲያስወረውሩ፣ ያ የወደዳቸው ገበሬ ከዳቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ሲጠጡ አጠገባቸው የቀሩት ጥቂት ነበሩ። ግን ልብ በሉ፤ ሕዝቡ የራቃቸው ጨካኝ መሆናቸውን ያን ጊዜ ስላወቀ ሳይሆን፣ ጭካኔው ከመሳፍንቱ ዞሮ ወደ እሱ ሲመጣ ነው። ከሞቱ በኋላም በዘፈኑ፣ በቴአትሩና በልቦለዱ መልሶ አነገሣቸው። የመሳፍንቱን ስም ግን ዛሬ ከታሪክ ተማሪ በቀር የሚጠራ የለም።

በእናት መሰደብ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አንድሩ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1828 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር፣ በጠብ ሰው ገድሎ የሚያውቅ፣ ባሪያ አሳዳሪ፣ ንዴቱን የማይቆጣጠር ሰው መሆኑ በሰፊው ይታወቅ ነበር። የምሥራቁ ባለ ዲግሪ ወገን ግን በዚህ ሳይወሰን በእናቱና በሚስቱ ላይ ሳይቀር በጋዜጣ ነውር ጻፈ፤ እሱንም አህያ አለው። ጃክሰን አሸነፈ። አህያዋም እያደር የፓርቲው አርማ ሆነች፣ እስከ ዛሬም አለች። ቦነስ አይረስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1946 ፔሮንን የመረጡት ሠራተኞች «ሸሚዝ የለሾች» ተብለው የተናቁ ነበሩ፤ ስድቡን እንደ ማዕረግ ለበሱት። እ.ኤ.አ. በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ከትራምፕ ደጋፊዎች ግማሹን አስጸያፊዎች ብላ በአንድ ቅርጫት ስትከት፣ ቃሉን በካናቴራ ላይ አሳትመው ለብሰው ወጡ። ጃክሰን ተወላጆቹን ከርስታቸው ያፈናቀለ መሪ ሆነ፤ ይህንም መካድ አይገባም። የተናቀ ሰው የመረጠው መሪ ሌላውን ከመናቅ አይነጻም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1949 የተጀመረው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የፓርላማ ምርጫ ብዙ የሚያስቆየን አይደለም። ፓርቲ የለም፤ ተወዳዳሪ ለመሆን ንብረት ያስፈልጋል፤ ከላይ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተቀምጧል። ስንዱ ገብሩን የመሰለች ሴት በዚያ በር መግባቷ ሳይረሳ፣ ገበሬው የልቡን የሚናገርበት በር ግን አልነበረም።

የልቡን የተናገረው በ1966 እና በ1967 ነው፤ ያለ ምርጫ ሳጥን። የዚያ ዘመን ሚኒስትሮች በዕውቀት የሚታሙ አልነበሩም። አክሊሉ ሀብተ ወልድ ፓሪስ፣ እንዳልካቸው መኰንን ኦክስፎርድ የተማሩ ናቸው። ነገር ግን የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲረግፍ አዲስ አበባ ዝም አለች። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ የረሃቡን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር እያቀያየረ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። የሟቹን አስከሬንና የግብሩን ጮማ ጎን ለጎን ያየ ሰው ዲግሪ አይቆጥርም። በዚያው ዓመት የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ አዲስ አበባ በሰልፍ ተጥለቀለቀች፤ ሐምሌ ላይ በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ዝቅተኛው የቤት ኪራይ እስከ ግማሽ ተቀነሰ። እናታችን የሚኖሩበት የሃያ ሁለቱ ቤት የቀበሌ የሆነው ያኔ ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከትልቅ ቤት ያልተወለደ፣ መኳንንቱን ያልመሰለ ወታደር መሆኑ በብዙ ሰው ዘንድ ጉድለት አልነበረም፤ መተማመኛ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ሲረሸኑ፣ አክሊሉና እንዳልካቸውም ከነሱ መካከል ሆነው፣ ብዙው ሕዝብ ዝም አለ። ያ ዝምታ ያስከፈለውን በ1969 እና በ1970 አየነው። ኪራይ የቀነሰው ቀበሌ የቀይ ሽብር ማሰሪያ ሆነ፤ ኪራይ የተቀነሰላት እናት ልጇን ፍለጋ እዚያው ቀበሌ በር ላይ ቆመች።

ኢሕአዴግ ሲገባ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከገበሬ ጋር አብሮ የበላ፣ ጫካ ያደረ ድርጅት ነው። ከተማ ላይ ግን ቋንቋው ሌላ ሆነ። ጥገኛ፣ ትምክህተኛ፣ ጠባብ፣ ኋላም ኪራይ ሰብሳቢ። እነዚህ ቃላት ለፖለቲካ ተንታኝ ትርጉም ይኖራቸው ይሆናል፤ ለሃያ ሁለት የሱቅ ነጋዴና ለታክሲ ረዳት ግን ስድብ ናቸው። በ1996 «አደገኛ ቦዘኔነትን» ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 384 ወጣ። ሥራ ያጣ ልጅ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ፣ መንግሥት ልጄን በሕግ ቦዘኔ አለው ብሎ ነው የሰማው። የሰፈራችን ልጆች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ «አደገኛው!» እየተባባሉ ሲጠራሩ እሰማ ነበር፤ ሲስቁ ደስ ብሏቸው እንዳልነበር አውቃለሁ።

ሚያዝያ 29 ቀን 1997 ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን ሞላው። በማግሥቱ ቅንጅት ሞላው፤ ያን ቀን የነበረ ሰው ዛሬም የሚያወራው የሁለተኛውን ነው። ውጤቱ ሲነገር ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከ138 የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ። ይህ ድምፅ ለፕሮግራም የተሰጠ አይመስለኝም። የቅንጅትን ፕሮግራም አንብቦ የመረጠ ሰው በሰፈራችን አላጋጠመኝም። መሪዎቹ ራሳቸው ምሁራን ነበሩ፤ ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል፣ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ፣ ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ። ሕዝቡ ልሂቅን ጠልቶ ቢሆን ኖሮ እነሱንም ባልመረጠ። የጠላው ከላይ ወደ ታች ማየትን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ይታወቃል። ሰኔ 1 ቀን ጥይት ተተኮሰ፣ ጥቅምት 1998 ላይ ደግሞ ብሶ ተደገመ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ቆጠረ። መሪዎቹ ታሰሩ፤ ወጣቶች ከየሰፈሩ በጭነት መኪና ተወሰዱ። መሪዎቹ በ1999 ክረምት ሲፈቱ ደግሞ እናታችን እንደፈሩት እርስ በርስ ተጣሉ፤ የፓርቲውን ስም እንኳ ይዘው መቆየት አቃታቸው። ሚያዝያ 2000 በተደረገው የአዲስ አበባ ምርጫ ኢሕአዴግ ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን አገኘ። ያው ቁጥር፣ ያው ከተማ፣ ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ። ይህን ቁጥር ባየሁ ጊዜ ሁሉ ልቤ ያዝናል። ሕዝቡ ሐሳቡን ስለለወጠ አይደለም፤ ተስፋውን ቋጥሮ መሐረቡ ውስጥ መልሶ ስለከተተው ነው። በ2002 እና በ2007 የመጡት ወደ መቶ ከመቶ የተጠጉ ውጤቶችም ለእኔ የዚያ ቋጠሮ ቁጥሮች ናቸው።

ቋጠሮው የተፈታው መጋቢት 24 ቀን 2010 ነው። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በፓርላማ ቆመው ለሞቱት ይቅርታ ጠየቁ፤ እናታቸውንም አመሰገኑ። ፖሊሲውን ማን አስታወሰ? ሃያ ሁለት ላይ፣ ሰው ሻይ ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር ንግግሩን ያየው፤ እናታቸው ሲጠሩ ያለቀሱ ሰዎች አይቻለሁ። የኮሶ ሻጭዋን ልጅ ታሪክ ለሚያውቅ ሕዝብ፣ ከዚያ ወንበር ላይ የእናት ስም መጠራቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያ ወዲህ የትግራይ ጦርነት፣ የአማራ ክልል ግጭት፣ መፈናቀልና የኑሮ ውድነት መጥተዋል። ያኔ ያለቀሰው ሰው ዛሬ በአንድ ድምፅ አይናገርም፤ የሚደግፍም የተቀየመም አለ። ይቅርታ የተጠየቀበትና እናት የተመሰገነችበት ያ ቀን ግን ከብዙ ሰው ልብ ገና አልወጣም፤ ቅያሜውንም መራራ ያደረገው እሱ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዝናብ ነበር። ብልጽግና ፓርቲ ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ያሸነፈበት ያ ምርጫ፣ በሰፈራችን እስከ ማታ ቆየ። እናታችን በከዘራ ተደግፈው መጡ። ጃንጥላውን በዚያን ቀን ሰጡኝ፤ እጃቸው አልቻለም። ከሰልፉ ፊት ስንደርስ አንዲት ወጣት የምርጫ አስፈጻሚ ከወንበሯ ተነሥታ «እማማ፣ ይቀመጡ፤ እርስዎ ሳይደክምዎ እንመዝግብዎ» አለቻቸው። ተቀመጡ። ትንሽ ጊዜ ልጅቷን ዝም ብለው አዩዋት፤ ከዚያ መሐረባቸውን ፈተው ካርዱን ሰጧት። ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ማንን እንደመረጡ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ወደ ቤት ስንሄድ በመንገዱ ሁሉ ያወሩኝ ስለዚያች ልጅ ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ማን እንዳሳደጋት።