ገናችን ዘገየ እንዴ?

ዋሽንግተን ዙሪያ ያላችሁ ወላጆች፣ ይሄ ሳምንት እንዴት እንደሚያዋክብ ታውቁታላችሁ። የፈረንጁ ገና አልፎ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። የቤት ሥራው አለ፣ የመዝሙር ልምምዱ አለ፣ የዶሮው ሽንኩርት ገና አልተከተፈም። ጃንዋሪ 7 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቀን ላይ ይውላል። ልጁ ታዲያ «የኛ ገና ለምን ይዘገያል?» ይላል።

አልዘገየም እኮ! በፈረንጆቹ 1582 የሮማው ፖፕ ጎርጎርዮስ 13ኛ የዩልዮስን አቆጣጠር ሲያርሙ 10 ቀን ተዘለለ፤ የኦክቶበር 4 ማግስት 15 ሆነ። እንግሊዝ ግን እስከ 1752 በድሮው ቆየች። በዛ ዓመት ሕዝቡ ሴፕቴምበር 2 ተኝቶ 14 ነቃ።

ዛሬ ብዙ አበሻ የሚኖርባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበሩ። ስለዚህ እስከ 1751 እዛ ገና የሚከበረው ልክ ኢትዮጵያ ውስጥ በሚከበርበት ዕለት ነበር። ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28) ማለት በድሮው አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ነው። ልዩነቱ ቀስ በቀስ አድጎ አሁን 13 ቀን ደርሷል።

እና ለአስተማሪው የፈቃድ ደብዳቤ ስትጽፉ ለልጁም ንገሩት፦ ቀኑን የቀየሩት እነሱ ናቸው፤ እኛ እዛው ነን።

መልካም ገና!