የሸክላ ቀሚስና የሠሪዋ ስም

እ.ኤ.አ. በ2019 ኒውዮርክ ውስጥ፣ በቀድሞ የባቡር ድልድይ ላይ በተሠራው የሃይ ላይን መናፈሻ፣ አምስት ሜትር ገደማ ቁመት ያላት የጥቁር ሴት የነሐስ ሐውልት ቆመች። ዓይን የላትም፤ ከደረቷ በታች ያለው አካሏ ቀሚስም ጎጆም ነው። «ብሪክ ሃውስ» የተሰኘው ይህ ሥራ የቀራጺዋ የሲሞን ሊ ነው። ቅርጹ በካሜሩንና በቻድ ከሚገኙት የሙስጉም ሕዝብ የጭቃ ቤቶች ተቀድቷል። ሌላው ምንጩ ግን ስድብ ነበር፦ በሚሲሲፒ፣ ናቼዝ አጠገብ፣ በጥቁር ገረድ አምሳል የተሠራ ምግብ ቤት አለ፤ ተመጋቢው የሚስተናገደው በቀሚሷ ውስጥ ነው።

ሊ ሙያዋን የጀመረችው በሸክላ ነው። «ካፕቦርድ» በተባሉት ሥራዎቿ ከዘንባባ ቃጫ የተሠራ ሰፊ ጉርድ ቀሚስ የሸክላ አካል ተሸክሞ ይቆማል። የአፍሪካ ሴቶች እንስራ በምዕራባውያን ሙዚየሞች ሲቀመጥ በመግለጫው ላይ የሚሰፍረው በአብዛኛው የሕዝቡ ስም እንጂ የሠሪዋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ሊ አሜሪካን በቬኒስ ቢየናሌ የወከለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ «ብሪክ ሃውስ»ም በዚያው ዓመት የወርቅ አንበሳ ሽልማት አስገኘላት።

በአገራችን ሸክላ ሠሪዋ ስም አልባ ብቻ አልነበረችም፤ «ቡዳ» የሚል ስም ተሰጥቷት ነበር። ከስድቡ ሥር የመሬት ጉዳይ አለ። የጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን ርስት በመነፈጋቸው ወንዶቹ በአንጥረኝነትና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ኑሯቸውን ይገፉ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ለዘመኑ ደፋር ነበር፤ ሆኖም ምላስን እንጂ የመሬት ይዞታን አልነካም፣ ስለዚህም የንቀቱ መሠረት ባለበት ቀረ። (በየሳሎናችን ጀበና አለ፤ የሠሪዋን ስም የጠየቀ ግን ምን ያህል ነው?)

በጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ለዚህ ምስክር ናት። ቤተ እስራኤላውያኑ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች ዙሪያ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን ለጎብኚዎች መሸጥ ቀጠሉ። የሚሸጡትም በሄዱት ሰዎች ስም ነው።