ከአውጫጭኝ እስከ ሮንድ

«ፖሊስ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ ሳይገባ፣ ፊሽካና የደንብ ልብስም ሳይታወቅ፣ ይህ አገር ሌባ የሚያወጣበት፣ ነፍሰ ገዳይ የሚፈልግበት የራሱ ዘዴ ነበረው። ዘዴው ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ነበር ማለቴ ነው። የሕግ ማስከበር ታሪካችን ሲተረክ ከዘመናዊው ፖሊስ መቋቋም ይጀመርና ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ «ኋላ ቀር» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። በዚያ በሚታለፈው መስመር ውስጥ ግን ዛሬም ያልተመለሰ ጥያቄ አለ። ጉልበት ያለውን ሹም የሰፈሩ ሰው በምን ይቆጣጠረዋል?

በአንድ አጥቢያ ከብት ተነድቶ፣ ጎተራ ተቃጥሎ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሹም አውጫጭኝ ያስጠራ ነበር። አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። ለአቅመ አዳም የደረሰ ሁሉ ከተባለው ሜዳ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ሰዉም በየተራ እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ስሙ እንዲወጣ ያልፈለገ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ነገሩ እስኪጣራ ሞፈሩ ይሰቀላል፣ ገበያው ይቀራል። አድራጊው ጨርሶ ካልተገኘ ደግሞ ለተበዳዩ ካሳውን የሚከፍለው የአጥቢያው ሰው ነው፤ ተዋጥቶ።

የሕግ ምሁራን አውጫጭኝን ሲተቹት ኖረዋል፤ እውነታቸውንም ነው። ወፏ በመስቀለኛ ጥያቄ አትፋጠጥም። ቂም ያለው ሰው ጎረቤቱን በወፍ አፍ ሊያስበላው ይችላል፤ መጤውና ወዳጅ የሌለው ደግሞ ከሁሉ በፊት ይጠረጠራል። ከቅጣቱ ገንዘብ የሚቀምሰው ሹም አውጫጭኝ ቢበዛ አይጠላም። ይሁንና በዚያ ሜዳ ላይ መርማሪውም፣ ተጠርጣሪውም፣ ዕዳ ከፋዩም ያው አንዱ ሕዝብ ነው። የምርመራው ሸክም መርማሪውን ራሱን ይከብደዋል። በሐሰት አንዱን አስይዞ ቢገላገል ነገ እሱም በዚያው ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ይህ ልጓም ደካማ ነው፤ ልጓም ግን ነው።

ልጓም የሌለውን ማየት የፈለገ ሌባሻይን ይመልከት። አንድ ብላቴና መድኃኒት ይጠጣና ይሰክራል፤ ወገቡ በገመድ ታስሮ በየመንደሩ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ተዝለፍልፎ ከወደቀበት ደጃፍ ያለው ሰው ሌባ ነው ይባላል። እዚህ ላይ ሽማግሌ የለም፣ መሐላ የለም፣ ይግባኝም የለም። ያለው የሌባሻዩ አለቃና የሚጎትተው ገመድ ብቻ ነው። ገመዱ ወዴት እንደተሳበ ማን ይጠይቃል? ከጣሊያን ወረራ በፊት በራስ ተፈሪ ዘመን ይህ ልማድ ሲታገድ ብዙ ሰው እፎይ ሳይል አልቀረም።

አውጫጭኝ የሚሠራው ሰው ለሰው በሚተዋወቅበት አገር ነው። አዲስ አበባ ግን እንዲያ ያለች አገር አልነበረችም። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ከየአቅጣጫው የጎረፈው ወታደር፣ ነጋዴ፣ እጀ ጠቢብ፣ ተሸካሚና ስደተኛ እርስ በርሱ አይተዋወቅም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ግርጌ በተዘረጋው የአራዳ ገበያ ላይ ማን ማንን አይቶ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል? ስለዚህ ሥልጣኑ ወደ ነጋድራሱ ዞረ። ነጋድራስ ማለት እንግዲህ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው፤ የገበያው ዳኛም ነው፤ ዘበኞች የሚያዝ አለቃም ነው። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል በዚህ ወንበር ላይ ሆነው የከተማው ዋና ባለ ሥልጣን እስከ መሆን ደርሰው ነበር፤ በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግዱንና የውጭ ጉዳዩን ሥራ ደርበው ያዙ። በገበያው የተበደለ ነጋዴ ለማን አቤት ይበል? ቀረጡን ያበዛበትም፣ ዘበኛውን የላከበትም፣ በችሎት የሚቀመጥለትም አንድ ሰው ነው። ይህን የሥልጣን መደራረብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሌላ ስም ይመለሳል።

የአራዳ ዘበኛም የተወለደው ከዚህ ከገበያው ነው። የድሮው አዲስ አበባ ሰው ሲያወራለት ግማሹ በሳቅ ግማሹ በፍርሃት ነው። ስለ እሱ የሚነገረው ቀልድ ብዙ ስለሆነ እዚህ አልደግመውም፤ ግን ቀልዱ ራሱ አንድ ነገር ይመሰክራል። ሕዝብ የሚቀልድበት የሚያውቀውን ሰው ነው። የአራዳ ዘበኛ የሰፈር ሰው ነበር፤ የከተማው ሹም ሰው፤ ጠጅ ቤቱን የሚያውቅ፣ እሱም በጠጅ ቤቱ የሚታወቅ።

ከድል በኋላ ይህ ሁሉ ተለወጠ። በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 የኢትዮጵያ ፖሊስ ሲቋቋም በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር አንድ የመላ አገሪቱ ኃይል ሆኖ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት የተመለሱት መሳፍንቱና መኳንንቱ የየራሳቸውን ጦርና ዘበኛ ወደሚያዙባት አገር ዳግም ላለመግባት ቆርጠው ነው። ጠመንጃ ሁሉ ከመሐል እንዲታዘዝ ፈለጉ። ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ በአካባቢ ሹም እጅ የነበረ ጉልበት ገበሬውን ምን ያደርገው እንደነበር የሚያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም።

ሆኖም ነገሩ ሌላ ገጽ አለው። በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ወጣ። ለከተሞች ምክር ቤት ተፈቀደላቸው። በምክር ቤቱ ወንበር የሚያገኘው ነዋሪ ግን ቋሚ ንብረት ያለው ነው፤ ተከራዩ፣ ሎሌው፣ ጉሊት ሻጯ አይቆጠሩም። ባለ ንብረቱም ቢሆን መክሮ የሚወስነው ስለ ገበያው፣ ስለ ቄራው፣ ስለ ጽዳቱና ስለ መንገዱ ነው። እሳት አደጋ በማዘጋጃ ቤቱ ሥር ሲሆን ፖሊሱ የሚኒስቴሩ ነው። የከተማው ሰው ቤቱ ቢቃጠል የሚደርስለት መኪና ለምን ዘገየ ብሎ ከንቲባውን መጠየቅ ይችላል፤ ልጁ በጣቢያ ለምን ተደበደበ ብሎ ለመጠየቅ ግን ከንቲባው መልስ የለውም። መንገዱ ወደ ላይ ብቻ ነው፤ ከጣቢያ ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴር ወደ ዙፋን ችሎት። አቤቱታ ይዞ የንጉሡን መኪና መንገድ ላይ የሚጠብቀው ሰው ብዛት የቀልድ ነገር አልነበረም። በአገሪቱ ውስጥ ፖሊስን የሚቆጣጠር አንድ ሰው ብቻ መኖሩን ሁሉም ስለሚያውቅ ነው።

ያ አንድ ሰውም ቢሆን የተማመነበት አልጸናለትም። ፖሊሱ አባዲናን ከፍቶ የሠለጠኑ መኮንኖች እያፈራ ሳለ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የፖሊስ ሠራዊት አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከጠንሳሾቹ ጋር ተሰልፈው ተገኙ፤ በዚያውም ሞቱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ቀበሌ ተወለደ። ቃሉ ድሮም ነበር፤ አካባቢ፣ መንደር ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቀበሌ ማለት ማኅተም ያለው ቢሮ ሆነ። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛና ወደ 300 በሚጠጉ ቀበሌዎች ተከፈለች። ይህ ነገር ሲጀመር ብዙዎች በተስፋ መቀበላቸውን መካድ ታሪክን ማጣመም ነው። የቤት ኪራይ ወረደ። በማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ደጅ የማይደርስ ተከራይ ጎረቤቱን ለአመራር መረጠ፤ ባለ ትርፍ ቤቱ ደግሞ ለጊዜው ከመመረጥ ታገደ። ጥቃቅን ክርክር ከሰፈር ሳይወጣ በቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ያልቅ ጀመር። በዘመናችን «ሥልጣንን ወደ ሕዝቡ ማውረድ» የሚባለው ነገር፣ በወረቀት ላይ ቢታይ፣ ከዚህ በላይ አይወርድም።

በ1969 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 104 የቀበሌው ሥልጣን ሰፋ፤ የአብዮት ጥበቃ ጓድም ታጠቀ። ጊዜው የደም ጊዜ ነበር፤ የቀበሌ መሪዎችም በኢሕአፓ ጥይት በየመንገዱ ይወድቁ ነበርና «ራሳችንን እንጠብቅ» የሚለው ክርክር ከባዶ የመጣ አይደለም። የሰፈሩ ሰው በተራ ሮንድ መውጣት ጀመረ። ሮንድ የፈረንጅ ቃል ነው፤ ሌሊቱ ግን የእኛ ነበር። ከሥራ የመጣ አባወራ ካቦርቱን ደርቦ፣ ከጎረቤቱ ጋር እሳት ዙሪያ ተቀምጦ፣ መንገድ የሚያልፈውን «ማነው?» ሲል ያድራል።

እንግዲህ አንባቢ የነጋድራሱን ወንበር ያስታውስ። ቀበሌው ኪራይ ይሰበስባል። ቀበሌው መታወቂያ ይሰጣል። ስኳርና ዘይቱ የሚገኘው ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ነው። ሸንጎውም፣ እስር ቤቱም፣ ጠመንጃውም የቀበሌው ናቸው። በቀበሌው ጥበቃ የተበደለች እናት ለማን ታመልክት? ማመልከቻዋን የሚቀበለው ጸሐፊ ልጇን ያሰረው ሊቀ መንበር የሚያዘው ሰው ነው፤ ጮኻ ብትናገር ደግሞ የነገው የስኳር ተራ አለ። የአውጫጭኙ ወፍ እዚህም ነበረች፤ ሌሊት ሹክ ትላለች። ልዩነቱ ወፏን ሰምተው የሚፈርዱት ሽማግሌዎች በዕዳው አለመኖራቸው ነው። በሐሰት ቢገድሉ የሚከፍሉት ካሳ የለም። እንዲያውም ለአስከሬን የጥይት ዋጋ የተጠየቁት የሟች ቤተሰቦች ነበሩ።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትፈተሽ ከፈታሾቹ መካከል ቀበሌዎቹ ነበሩ፤ የማን ልጅ ሌሊት እንደሚመጣ፣ የማን ቤት ጓሮ በር እንዳለው የሚያውቀው ሌላ ማን ነው? «ነፃ እርምጃ» የሚሉት ቃል የመጣው በዚያ ወቅት ነው። ያለ ፍርድ መግደል ማለት ነው። ነገሩ ገደብ ሲያጣ ደርጉ ራሱ አንድ የታወቀ የቀበሌ ሊቀ መንበርን ከነግብረ አበሮቹ በሞት ቀጣ። በዚህ ቅጣት የተጽናኑ ሰዎች እንደነበሩ አምናለሁ። እኔ ግን ቅጣቱ የሚያሳየው ሌላ ነገር ይመስለኛል። ያንን ሰው ሊያቆመው የቻለው ከላይ ያለው ጌታ ብቻ ነበር፤ የመረጡት ጎረቤቶቹ አልነበሩም። ጎረቤት መርጦታል፤ ጎረቤት ግን ሊሽረው አይችልም። ተጠሪነቱ ለከፍተኛው፣ ከከፍተኛው ለደርጉ ነው። ቀበሌዎቹን በካድሬ የሞላው መኢሶን እንኳ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከደርጉ ሲለይ የታደነው በእነዚያው ቀበሌዎች ነው።

ብዙ ሰው የቀይ ሽብርን ዘመን ሲያነሳ «ሥልጣን ላልተማረ ሰው ተሰጥቶ» ይላል። ይህን አባባል አልቀበለውም፤ ከትእዛዝ ሰጪዎቹ መካከል የተማሩ ሞልተው ነበር። ነገሩን የሠራው የወንበሩ አሠራር ነው። በንጉሡ ዘመን ፖሊሱ ከሰፈሩ ስለራቀ ሰፈሩ ሊጠይቀው አልቻለም። በደርጉ ዘመን ጠባቂው ከአጥሩ ማዶ መጥቶ ተቀመጠ፤ ከዚያም ይበልጥ የማይጠየቅ ሆነ። በነጋድራሱ ጊዜ ያስቸገረው የሥልጣን መደራረብ በ300 ቢሮዎች ተባዝቶ፣ በየቢሮውም ጠመንጃ ተጨምሮበት ተመለሰ ማለት ነው።

ደርጉ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የልዩ ዓቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 22 ሲቋቋም መርማሪዎቹ ማስረጃ ፍለጋ ብዙ አልተቸገሩም። የሟቾች ስም፣ የተወሰደ «እርምጃ»፣ የላይኛው አካል ፊርማ፤ ሁሉም በቁጥርና በቀን ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት በየመዝገብ ቤቱ ተቀምጧል። ገዳዮቹ ለሰፈሩ ሰው አንድም ቀን መግለጫ ሰጥተው አያውቁም፤ ለበላያቸው ግን ሪፖርታቸውን አላጓደሉም።

ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የፖሊስ ኃይል እንዲያደራጁና እንዲመሩ፣ ዝቅተኛው የአስተዳደር እርከንም ሕዝቡ በቀጥታ የሚሳተፍበት በቂ ሥልጣን እንዲሰጠው ተጻፈበት። አዲስ አበባን በሚመለከት ደግሞ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላትና ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተቀመጠ። ይህ ሰነድ በጸደቀ በ5ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 4፣ የደርግ ባለ ሥልጣናት ችሎት ፊት ቀረቡ። በየክልሉ በኋላ ከተከሰሱት ብዙዎቹ ታች ያሉት ነበሩ፤ የአብዮት ጥበቃ አባላት፣ የቀበሌና የከፍተኛ ሹሞች። ምስክር ሆነው የመጡትም የዚያው ሰፈር ሰዎች ናቸው። ከተከሳሾቹ ጋር በአንድ ኅብረት ሱቅ የተሰለፉ፣ ምናልባትም በአንድ እሳት ዙሪያ ሮንድ ያደሩ።