ጉርድና ሙሉ

በባንክ መስኮት ጀርባ ለሚውል ሰው «ጉርድ» የሚለው ቃል የዕለት ቋንቋው ነው። ሒሳብ ሊከፍት የመጣ ደንበኛ «ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ ምን እንደተባለ አይጠፋውም፤ ራስና ትከሻ፣ ከደረት በታች የሌለ። የጎደለ ነው ብሎ የሚያዝንበት ግን የለም፤ ለተፈለገበት ጉዳይ ሙሉ ነውና። ቃሉን ማንሣቴ የፎቶግራፍ ወዳጆች ዲጂታል ካሜራዎችን በሁለት ጎራ ከፍለው አንዱን «ክሮፕ»፣ ማለትም ጉርድ፣ ሌላውን «ፉል ፍሬም»፣ ማለትም ሙሉ፣ ብለው ስለሚጠሩ ነው። እኔም ጉርዱን ለዓመታት ይዤ ኖሬ ወደ ሙሉው ልሻገር ተነሥቻለሁ። ታዲያ «ሙሉ» ያለው ማን ነው? በምንስ ተለክቶ? ብዬ የዚህን ልክ የትውልድ ሐረግ ተከተልሁ። ያገኘሁትን እነሆ ለአንባቢ አቀርባለሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሙሉ የተባለው ልክ ቁመቱ 24፣ ወርዱ 36 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንድ ተለቅ ያለ የፖስታ ቴምብር እምብዛም አይበልጥም። ሥሩ ያለው ደግሞ በፎቶግራፍ ሳይሆን በሲኒማ ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዊልያም ዲክሰን፣ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ፊልም ግራና ቀኙን እየበሳ ለእያንዳንዱ ምስል በየጎኑ አራት አራት ቀዳዳ ደለደለ። ፊልሙ ቁልቁል ይሮጣል፤ እያንዳንዱ ምስል 18 በ24 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለሲኒማው ሙሉ ማለት ይህ ነበር።

ወደ ጀርመን እንሻገር። ኦስካር ባርናክ በ1879 በብራንደንቡርግ ተወለደ፤ በ1911 ደግሞ በቬትስላር ከተማ ማይክሮስኮፕ ይሠራ በነበረው በኤርነስት ላይትስ ፋብሪካ ተቀጠረ። አስም የሚያስጨንቀው፣ ፎቶግራፍ ግን አብዝቶ የሚወድ ሰው ነበር። የዘመኑ ካሜራ የመስታወት ሰሌዳ የሚጎርስ ከባድ ሣጥን ነው፤ እርሱ ይሸከመው የነበረው 13 በ18 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ የሚጠቀም ነበር። ያንን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ለጤነኛም ሳንባ አይመችም። ባርናክ የሲኒማውን ፊልም አነሣና አጋደመው። ቁልቁል ይሮጥ የነበረው ወደ ጎን እንዲሄድ አደረገ፤ የሁለት ምስል ቦታ ለአንድ ሰጠ፤ 18 በእጥፍ 36 ሆነ፤ 24ቱ ባለበት ቀረ። የመጀመሪያው ናሙና በ1914 እጁ ውስጥ ነበር። እንግዲህ ዛሬ በሙላት ስም የምንጠራው ልክ ከሌላ ሙያ በተረፈ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ ነው። ጨርቁ የተመረጠው ገበያ ላይ ስለተገኘ ነው፤ ስፌቱ ደግሞ ለአንድ ሰው ደረት ሲባል ቀለለ።

የዓለም ጦርነት ነገሩን አዘገየው። በ1924 ፋብሪካውን ይመራ የነበረው ሁለተኛው ኤርነስት ላይትስ፣ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ እያመነቱ፣ ካሜራው ይሠራ ብሎ ወሰነ። የጀርመን ገንዘብ ከወረቀትነት በታች የወረደው ገና በ1923 እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ብድር ለሚያጠና ሰው ይህ ውሳኔ ጸጉር የሚያቆም ነው፤ ያለ ልማዱ አዲስ ሸቀጥ የሚጀምር ማይክሮስኮፕ ሠሪ ማኅደር ጠረጴዛዬ ላይ ቢቀርብ ምን ብዬ እንደምመልሰው እገምታለሁ። በ1925 በላይፕሲግ የጸደይ ትርዒት ካሜራው «ላይካ» ተብሎ ወጣ፤ ከላይትስ «ላይ»፣ ከካሜራ «ካ» ተወስዶ። ሌንሱን፣ 50 ሚሊ ሜትሩን፣ የነደፈው ማክስ ቤሬክ ነበር። ከዚያ ዘመን ናሙናዎች አንዱ፣ የባርናክ የራሱ የነበረው ቁጥር 105፣ በ2022 በ14.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል።

ጀርመኖች ይህን ልክ «ክላይንቢልድ» አሉት፤ ትንሽ ሥዕል ማለት ነው። ከባርናክ የ13 በ18 ሰሌዳ ጋር ቢተያይ በስፋት 27 ጊዜ ያንሳልና ስሙ ተገቢ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሣ የነበረውን አርመናዊውን ቤድሮስ ቦያጅያንን የመሰለ የሰሌዳ ዘመን ባለሙያ ይህን ቴምብር «ሙሉ» ሲሉት ቢሰማ ፈገግ የሚል ይመስለኛል።

ልኩም ቢሆን ወዲያው አልጸናም። የጃፓኑ ኒኮን በ1948 ያወጣው የመጀመሪያ ካሜራው 24 በ32 ነበር፤ ከአንድ ጥቅል ፊልም ጥቂት ፎቶግራፎች ይተርፋሉና። ቀጥሎ 34 አደረገው፤ በ1954 ነው 36 ላይ ያረፈው። በ1959 ደግሞ ኦሊምፐስ «ፔን» የተባለውን ካሜራ አወጣ፤ ባለ 36ቱ ጥቅል 72 ፎቶግራፍ ይሰጣል፤ ልኩ 18 በ24 ነው። ይህን ሰዎች «ግማሽ ፍሬም» አሉት። የኤዲሰን ቤተ ሙከራ ልክ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል፤ ለሲኒማው ሙሉ የነበረው ለፎቶግራፉ ግማሽ ሆነ። ስሙን የሰጠው ወርዱና ቁመቱ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው።

ዲጂታሉ ሲመጣ በፊልም ፈንታ ሴንሰር ተተካ። ሴንሰር የሚቆረጠው ከክብ የሲሊከን ገበታ ነው፤ ቁራጩ በሰፋ ቁጥር ከአንድ ገበታ የሚወጣው ያንሳል፣ አንዲት እንከን የምታበላሸውም ይበዛል። ስለዚህ የኒኮን ዲ1 በ1999 ሲወጣ ሴንሰሩ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ በ16 ገደማ ነበር። ሌንሶቹ ግን የድሮዎቹ፣ ለ36 የተሠሩት ነበሩ። የሌንሱ የብርሃን ክብ እንደቀድሞው ይወድቃል፤ ሴንሰሩ መካከሉን ብቻ ይወስዳል። «ጉርድ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በ2002 የኮንታክስ ኤን ዲጂታልና የካነን 1ዲኤስ 24 በ36ን በሴንሰር መለሱ፤ በ2005 የካነን 5ዲ ዋጋውን ከ1ዲኤስ ከግማሽ በታች አወረደው።

ስለዚህ ጉርድነት የሴንሰሩ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ሴንሰሩ ከሌንሱ ጋር ያለው ዝምድና ነው እላለሁ። ማስረጃዬ ፉጂ ነው። በ2012 ኤክስ ፕሮ 1ን ሲያወጣ በዚያው አነስተኛ ልክ የተሰፉ ሌንሶች አብሮ ጀመረ፤ 18፣ 35፣ 60። በዚያ ቤት የሚኖር ሰው ምንም አልተቆረጠበትም፤ «ልሻገር» የሚልበትም ምክንያት አይታየኝም።

የእኔ ቤት ግን ሌላ ነው። ያለኝ የኒኮን ዲ90 ሲሆን ከ18 እስከ 55 የሚዘልቅ ዙም እና ባለ ኤፍ 1.8 አሮጌ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አሉኝ። የማነሣው የአሮጌ ቤቶችን ውስጥ ነው፤ የጣውላ ወለል፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጡ እናት። ካነሣኋቸው ቤቶች ከፊሎቹ በ2024 ከዶሮ ማነቂያ ጋር ፈርሰዋል፤ የቀሩትም ስንት ክረምት እንደሚያዩ እንጃ። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው። ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ ሦስት ሜትር ርቄ ብቆም 50ው በዲ90 ላይ የሚያሳየኝ የወዲያኛውን ግድግዳ 1.4 ሜትር ብቻ ነው፤ ፊታቸው ይገባል፣ ቤታቸው አይገባም። ዙሙ በ18 ላይ ሲቆም ክፍሉን ያስገባል፤ ግን ብርሃን አይጠጣም፤ ሥዕሉ ላይ ብናኝ ይበተናል። ያው 50 ሌንስ በሙሉው ካሜራ ላይ ቢገጠም 2.16 ሜትር ያያል። ሌንሱ አልተለወጠም፤ ወደተሠራለት ልክ ተመለሰ እንጂ። በሥዕሉ ላይ ብርሃን የሚያርፍበት ስፋትም ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚሆን ብናኙ ይቀንሳል። የጀርባን መደብዘዝ ብዙዎች እንደ ትልቅ ጸጋ ይቆጥሩታል፤ እኔ የምፈልገው ጀርባውን ነው።

ካሜራውን መምረጥ አልከበደኝም። ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ አዲሱን ማሰብ ለደመወዝተኛ ከባድ ነው። አዳዲሶቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች ደግሞ አሮጌውን ሌንሴን በመሸጋገሪያ ቢቀበሉትም፣ ሞተሩ በካሜራው ውስጥ መሆን ያለበት ሌንስ ስለሆነ ትኩረቱን በእጅ ካልሆነ አያስተካክሉትም። በ2014 የወጣው ዲ750 ሞተሩ አለው፤ ያገለገለውን እገዛለሁ።

ሌንስ መምረጥ ግን ሌሊት የሚያሳድር ነገር ነው። ከ24 እስከ 120 የሚዘልቀውን ዙም ብዙ ሰው ይመክራል፤ ለሰርግና ለጉዞ ይሁን፣ በኤፍ 4 ግን ወደዚያው ጨለማ ይመልሰኛል። ባለ ኤፍ 2 የሆነው 35 በሦስት ሜትር ላይ 3.1 ሜትር ግድግዳ ያሳያል፤ ከዙሙ ኤፍ 3.5 ጋር ሲነጻጸር ብርሃን የሚጠጣው ሦስት እጥፍ ነው። 24ቱ ቢሆን 4.5 ሜትር ያሳያል፤ ነገር ግን ከጠርዙ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ራሱ ወደ ጎን ይለጠጣል፤ በዚያ ቤት ውስጥ እናት ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከጠርዝ ነው፣ መካከሉን ለእንግዳ ትተው። ስለዚህ በመጀመሪያ 35ቱ፤ 24ቱ ሰው ለሌለበት ደረጃና ሰገነት ቆይቶ ይመጣል። ዲ90ውን አልሸጠውም። 35ቱ በእርሱ ላይ ሲገጠም የ52 ያህል እይታ ይሰጣል፤ ቤሬክ ለባርናክ ከነደፈው 50 ጋር ልዩነቱ ሁለት ብቻ ነው።