ኸሊፋው ቤት ማስፈረስ ባስፈለጋቸው ጊዜ

በሰፈራችሁ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ የተወራበትን ቀን እስቲ አስታውሱ። ቤቱ ከመስመሩ ውጭ የሆነው ሰው «እሰየው» ይላል፤ መስመሩ በጓዳው የሚያልፍበት ግን ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ያለ መንገድ፣ ያለ ገበያና ያለ አምልኮ ቦታ ከተማ ከተማ አይሆንም፤ ቤቱ የፈረሰበት ቤተሰብ ደግሞ የት ይውደቅ? የብዙኃኑ ጥቅምና የአንድ ሰው ቤት ሲጋጩ ውሳኔው እንዴት መሰጠት አለበት? ይህ ጥያቄ ቀደምቶቻችንንም ገጥሟቸዋል፤ ያደረጉትም በታሪክ ጸሐፍት ተመዝግቦ ደርሶናል።

ነገሩን ከመሠረቱ እንጀምር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በ622 እ.ኤ.አ. መዲና ሲገቡ ለመስጊድ የተመረጠው ቦታ ሰህልና ሱሀይል የተባሉ የሁለት የቲሞች ንብረት ነበር፤ ተምር ይሰጣበት ነበር። ልጆቹ በነጻ እንስጥ ቢሉም ነቢዩ አልተቀበሉም፤ በዋጋ ገዙት። ልብ በሉ፤ የሚሠራው የአላህ ቤት ነው፤ ጠያቂውም የአላህ መልእክተኛ ናቸው። እንዲያም ሆኖ የየቲም መሬት በምርቃት ብቻ አልተወሰደም።

ከዚያ በኋላ ሙስሊሞች በዙ፤ መስጊዱም ጠበበ። በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ (638 እ.ኤ.አ.) ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) መስጊዱን ለማስፋት በዙሪያው ያሉትን ቤቶች ገዙ። የነቢዩ አጎት የዐባስ (ረ.ዐ.) ቤት ግን ቀረ። ዑመር ሦስት ምርጫ አቀረቡላቸው፤ በዋጋ መሸጥ፣ ወይም በመዲና በፈለጉት ቦታ ምትክ ቤት ተሠርቶላቸው መውሰድ፣ ወይም ለሙስሊሞች ሰደቃ ማድረግ። ዐባስ ሦስቱንም እምቢ አሉ።

የዚያን ጊዜ የዑመር ጦር ፋርስንና ሮምን ያንቀጠቀጠ ነበር። አንድ ቤት ለማፍረስ ጦር አያስፈልግም። ኸሊፋው ግን ከባለጉዳዩ ጋር ተስማምተው ወደ ሽማግሌ ሄዱ፤ በቁርኣን ዐዋቂነታቸው ወደሚታወቁት ወደ ኡበይ ኢብኑ ከዕብ (ረ.ዐ.)። ኡበይም ያለ ፈቃዱ ሰውን ከቤቱ ማስወጣት አይቻልም ብለው በኸሊፋው ላይ ፈረዱ። ዑመር ፍርዱን ተቀበሉ። ዐባስም መብታቸው ከጸና በኋላ ቤቱን ያለ ዋጋ ለሙስሊሞች ሰጡ፤ ዑመርም በሌላ ቦታ ቤት አሠሩላቸው። በግድ ሲጠየቅ የተነፈገው ነገር ፍትሕ ሲሰፍን በገዛ እጅ ተሰጠ።

ይህን ታሪክ ለደረሳዎቼ ስነግራቸው አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ኡስታዝ፣ ታዲያ መካ ላይ ለምን አፈረሱ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ልንሸሸውም አይገባም። በዚያው በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ዑመር መስጂደል ሐራምን ሲያሰፉ አንሸጥም ያሉ ሰዎች ነበሩ። ቤታቸው ፈረሰ፤ ዋጋው ግን መጥተው እስኪወስዱት ድረስ ተቀምጦላቸው ነበር። ዑመር ያቀረቡት ምክንያትም ተዘግቧል፤ ካዕባ ከቤቶቹ በፊት የነበረ መሆኑን፣ በካዕባ ግቢ ላይ የመጡት እነርሱ እንጂ ካዕባ በእነርሱ ላይ እንዳልመጣ ነገሯቸው።

እንግዲህ አንዱ ኸሊፋ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የተለያየ ውሳኔ ላይ ደረሱ። ከዚህ የምንረዳው የግለሰብ ይዞታ ፈጽሞ አይነካም የሚል ሕግ አለመኖሩን ነው። የሕዝብ ጉዳይ ነው ከተባለ ሁሉም ይፈርሳል የሚል ሕግም የለም። በሁለቱም ቦታ ግን ያልተለወጠ ነገር አለ። ምክንያቱ ለባለቤቱ ፊት ለፊት ተነገረው፤ ዋጋውም አልተበላበትም።

ከማፍረስ የሚበልጠው ደግሞ አስቀድሞ ማሰብ ነው። በዚያው ዘመን ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) የኩፋን ከተማ በኢራቅ ሲቆረቁሩ መጀመሪያ የተለየው የመስጊዱ ቦታ ነበር። ከዚያ ዋና ዋና መንገዶች 40 ክንድ (20 ሜትር ያህል)፣ ቀጣዮቹ 30፣ ሌሎቹ 20፣ ውስጥ ለውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች 7 ክንድ እንዲሆኑ ተወሰነ። በሸንበቆ የተሠሩት ቤቶች በእሳት ሲጋዩ ሰዎቹ በጡብ ለመሥራት ፈቃድ ጠየቁ። ዑመር ፈቀዱ፤ ነገር ግን ማንም ከሦስት ክፍል በላይ እንዳይሠራ፣ በሕንፃ ከፍታም እንዳይፎካከሩ አዘዙ።

አገረ ገዢው ሰዕድ የገበያው ጫጫታ ስላስቸገራቸው ለመኖሪያቸው በር አበጁ። ይህ ወሬ መዲና ሲደርስ ዑመር ሙሐመድ ኢብኑ መስለማን ልከው በሩን አስቃጠሉት። ባለጉዳይ ደጅ እየጠና ሹም በር ዘግቶ እንዳይቀመጥ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የግል ንብረት ሲወሰድ ግን ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ አቤቱታ የሚሰማ አካልና ይግባኝ የሚሰማ ጉባኤ እንዲኖር ደንግጓል። ስለዚህ በምክር ቤት የተቀመጠ ሰው የዑመርን ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፤ ምክንያቱን ለባለቤቱ ነግሬዋለሁን? ዋጋውን አስቀምጬለታለሁን? ቢከሰኝ በእኔም ላይ የሚፈርድ ሰው አለን?

ነገሩ ሹሞችን ብቻ የሚመለከት አይምሰለን። መስጊድ እናስፋ ብለን የጎረቤትን መተላለፊያ የምናጥር፣ ለልጅ ቤት ልንቀጥል ስንል በሌሊት ችካል የምንገፋ ስንቶቻችን ነን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመንገድ ላይ ክርክር ሲነሣ 7 ክንድ እንዲተው አዘዋል፤ የሰው መሬት አንድ ስንዝር እንኳ በግፍ የወሰደም የቂያማ ቀን ከሰባቱ የምድር ንጣፎች ጋር በአንገቱ እንደሚጠለቅለት አስጠንቅቀዋል። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ የዐባስን ቤት ታሪክ ንገሯቸው። ነገ ከእነርሱ መካከል አንዱ ካርታና እርሳስ ይዞ በሰው ቤት ላይ መስመር የሚያሰምር ይሆናልና። አላህ ፍትሕን ከሚያደርጉት ያድርገን።