የዘር ሐረግ ጥናት በኢትዮጵያ

የዘር ሐረግ ጥናት የአንድን ሰው ወይም ቤተሰብ ትውልድ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ማን ከማን እንደተወለደና የት እንደኖረ የማጣራት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ፣ የጥናቱ ዋና ምንጭ እስከ ዛሬ የአዛውንት ቃል ነው።

ትውልድ መቁጠር

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ትውልድ የሚቆጠረው በተለይ ለጋብቻና ለርስት ነበር። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ልማድ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም፤ ስለዚህ ጋብቻ ከመቆረጡ በፊት የሁለቱም ወገን ዘር ይቆጠራል። ርስት ደግሞ ከዚህም አርቆ ያስቆጥር ነበር። የርስት መብት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አቅኚ አባት በመወለድ ሲሆን በእናትም በአባትም በኩል ይወረሳል። አንድ ገበሬ በእናቱ እናት በኩል ቆጥሮ በሌላ አጥቢያ መሬት መጠየቅ ይችል ነበር፤ ባላጋራው ደግሞ ያንኑ ቆጠራ ለማፍረስ የራሱን ሽማግሌዎች ያቀርባል። አሜሪካዊው አላን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አሠራር ከጎጃም፣ ከደጋ ዳሞት በሰበሰቡት ማስረጃ ዘርዝረው አሳይተዋል።

እንዲህ በክርክር የተፈተነ ቆጠራ ከተራ ወሬ የተሻለ ክብደት አለው። ሆኖም መሬት የሚያስገኘው መስመር ሲታወስ የማያስገኘው ይረሳል፤ ስለዚህ አንድ ሽማግሌ የነገረውን ከሌላው ወገን ቃል ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ይህ የቆጠራ ምክንያት አብሮ ቀረ። በአዋጁ ጊዜ 20 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ 70 አልፏል። በሶማሌ ዘንድ ግን በአባት በኩል የሚቆጠረው አብቲርሲ ከመሬት አዋጅ ጋር የተያያዘ ስላልሆነ አሁንም ለልጆች ይነገራል።

ስምና ዘመን

በአብዛኛው ኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የለም። ከሰው ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት፣ ከዚያም የአያት ስም ነው፤ ሴትም ስታገባ ስሟን አትለውጥም። በውጭ አገር በሚኖሩ ቤተሰቦች የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚመዘገብ፣ አባትና ልጅ በሁለት የተለያየ ስም መዝገብ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። የክርስትና ስምና የፈረስ ስምም አሉ። አባ ታጠቅ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ዐፄ ምኒልክ መሆናቸውን የማያውቅ ሰው የለም፤ የአንድ ባላገር የፈረስ ስም ግን ከልጅ ልጆቹ ውጭ የሚያውቀው ላይኖር ይችላል።

አዛውንት ልደትን የሚናገሩት ብዙ ጊዜ በዓመተ ምሕረት ሳይሆን በክስተት ነው። «ክፉ ቀን» ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የደረሰው ረኃብ፣ «የኅዳር በሽታ» የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ፣ «የጣሊያን ጊዜ» ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው።

የጽሑፍ ምንጮች

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም ድንጋጌው በሥራ ላይ አልዋለም። ከዚያ በፊት ለነበረው ዘመን በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የሰፈሩ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ኑዛዜ ጽሑፎች ጠቃሚ ናቸው፤ ሻጩን፣ ገዢውንና ምስክሮቹን በስም ይጠራሉ። በተለይ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ሀብታም ናቸው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ሺህ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክርም የመንግሥት ሰነዶችን ይዟል። የነገሥታት የትውልድ ዝርዝር ግን ዘውዱን ከሰሎሞን ዘር ጋር ለማያያዝ የተጻፈ በመሆኑ በጥንቃቄ ይነበባል።

ቆጠራ እንደ ማስረጃ

ቆጠራ ዛሬም መብት የሚወስንበት ቦታ አለ። ከጎንደር አካባቢ ወደ እስራኤል ለመግባት ከሚጠይቁት ወገኖች ብዙዎቹ የቤተ እስራኤል ዝርያነታቸውን ማስረዳት ነበረባቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. የእስራኤል መንግሥት በሰጠው ውሳኔ የእናት ወገን መስመር መለኪያ ሆነ። የተጻፈ መዝገብ በሌለበት ማስረጃው የዘመዶችና የሽማግሌዎች ቃል ነበር፤ የአንዲት ሴት አያት ስም መረሳት አንድን ቤተሰብ ለሁለት ሊከፍል ይችላል።