«የፌዝ ዶክተር» እና የእኛ ላቲን

ሞሊየር ያለ ፈቃዱ ሐኪም ስለሆነ ሰው የጻፈው ኮሜዲ ፓሪስ ላይ ለመድረክ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1666 ነው። ስጋናሬል እንጨት ቆራጭ ነው። የደበደባት ሚስቱ ልትበቀለው ፈልጋ፣ ሐኪም ፍለጋ ለወጡ ሰዎች ባሏ ታላቅ ሐኪም መሆኑን፣ ዱላ ካልቀመሰ ግን እንደማያምን ትነግራቸዋለች። ይወቅሩታል፤ ያምናል። ከዚያማ አንደበቷ ተዘጋ የተባለች ልጅ ዘንድ ቀርቦ የተሰባበረ ላቲን ያወርደዋል፤ ልብን በቀኝ፣ ጉበትን በግራ ያስቀምጣል። አባትየው ያልገባውን ሁሉ ያደንቃል። (ልጅቱ ዝም ያለችው የማትፈልገውን ጋብቻ ለማምለጥ ነው፤ ደህና ሐኪም ቢሆን መጀመሪያ ይህን ይጠይቅ ነበር።)

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይህን ተውኔት «የፌዝ ዶክተር» ብሎ ወደ አማርኛ መልሶታል። ከ«ኦቴሎ»ው፣ ከ«ማክቤዝ»ና ከ«ሐምሌት» አጠገብ ስናስቀምጠው ብዙዎቻችን እንደ ቀላል ሥራ እናልፈዋለን። ርእሱን ግን ልብ በሉልኝ። የፈረንሳይኛው የሚያጎላው የሰውየውን መገደድ ነው፤ የአማርኛው ፌዙን። ሄንሪ ፊልዲንግም እ.ኤ.አ. በ1732 ለለንደን መድረክ ሲመልሰው የሰጠው ስም ይኸው ነው፤ የፌዝ ሐኪም።

እኔ ኮሜዲ ለተርጓሚ ከትራጄዲ ይከብዳል ባይ ነኝ። ሐዘን ቋንቋ ቢለውጥም ሐዘን ነው። ሳቅ ግን ተመልካቹ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ይፈልጋል። የስጋናሬል ላቲን ፓሪሶችን ያሳቀው የዘመኑ ሐኪሞች የሚማሩት በላቲን ስለነበር ነው። ለአዲስ አበባ ተመልካች ላቲን ምኑ ነው? የእኛ ላቲን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እንግሊዝኛ ነው።

ቱም ውስጥ ይኼ ነገር የመድረክ ጨዋታ አይደለም። ዲዚኛ የምትናገር እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ ሐኪሙ በአማርኛ ጀምሮ «ኔጌቲቭ ነው» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጨርሳል፤ አስተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ያሳልፈዋል። እናት ራሷን ትነቀንቃለች። በሽታው የለም ማለት ይሁን፣ ልጁ ተስፋ የለውም ማለት፣ በምን ታውቃለች? ስለ ከበረን ብቻ እሺ ብላን ትሄዳለች፤ ልክ እንደዚያ አባት።

መምህራኖቻችን፣ ይህን ተውኔት ለተማሪዎቻችሁ አስነብቡልኝ። ብቻ ከአናቶሚ በኋላ ይሁን፤ ልብ የት እንዳለ ያላወቀ ተማሪ አይስቅም።